የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሽቦ ለሚበር አውሮፕላን የትኛው ሞተር?

ባለፈው እትም በሽቦ ስለሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ጥቂት ጽፌ ነበር። አብራሪው መሃል ሜዳ ቆሞ፣ ከያዘው እጀታ በሚወጡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች አውሮፕላኑን በዙሪያው እያዞረ፣ ሲያሻው ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል፣ ሲያሻው በጀርባው ገልብጦ ያበርረዋል። ስታንት ይሉታል፤ የትርኢት በረራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሞተር ናቸው። ከጅማ የተጻፉትን አራቱን መርጫለሁ። እኔም እዚሁ ስለምኖር ስለ አየሩም ስለ ሜዳውም የማወራው እጄ ከነካው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ፣ የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር 1.2 ኪሎ የሚመዝን፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.35 ሜትር የሆነ የስታንት አውሮፕላን ሠርተናል። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ አንድ ሞተር ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። አንድ ሻጭ «40 ቁጥር የእሽቅድምድም ሞተር አለኝ፣ በጉልበት የሚወዳደረው የለም» ይላል። ሌሎች ደግሞ የድሮውን 35 ይመክሩኛል። የቱን ላስመጣ?

መልስ፦ ልጄ፣ የእሽቅድምድሙን ለእሽቅድምድም ተወው። ስታንት የሚፈልገው ጉልበተኛ ሞተር ሳይሆን ጠባዩ የማይለዋወጥ ሞተር ነው። አውሮፕላኑ አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ በጀርባው ነው። ሞተሩ ሲወጣ የማይደክም፣ ሲወርድ የማይፈነጥዝ መሆን አለበት። የእሽቅድምድም ሞተር የጭሱ መውጫ ቀድሞ የሚከፈትና ዘግይቶ የሚዘጋ በመሆኑ ጉልበቱን የሚሰጠው በጣም ፈጥኖ ሲዞር ብቻ ነው። ትንሽ ጭነት ሲበዛበት ከዚያ ከፍታው ይወርድና ይዝላል፤ ጭነቱ ሲቀልለት ደግሞ ያመልጣል።

ይህን የምልህ ከደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ሞተር ገዝቼ ነበር፤ የሸጠልኝ ሰው ለምን ተብሎ እንደተሠራ አልነገረኝም። መሬት ላይ ሲነሳ ሰፈር ሙሉ ይሰማው ነበር። ሦስተኛው ክብ አናት ላይ ነዳጅ አጠረውና ዝም አለ። ሽቦዎቹ ረገቡ፤ ሽቦ ረገበ ማለት መሪ የለም ማለት ነው። አራት ወር የደከምኩበት ክንፍ ቡና ከተሰጣበት አልጋ አጠገብ አፈር ውስጥ ተተከለ። ቡናውን ታገላብጥ የነበረችው ሴት ሥራዋን ትታ ስብርባሪውን በሰፌድ ለቅማ አመጣችልኝ። «ይጠገናል?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

እንግዲህ ከ35 እና ከ46 ልምረጥልህ። ቁጥሩ የሲሊንደሩ ይዘት ነው፣ በኪዩቢክ ኢንች መቶኛ። 35 ማለት 5.7 ሲሲ፣ 46 ማለት 7.5 ሲሲ ነው። የባጃጅ ሞተር 200 ሲሲ ገደማ መሆኑን ስታስብ ትንሽነቱ ይገባሃል። የድሮው 35 የሚሉህ ፎክስ 35 ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሲመረት የኖረ፣ ሲሊንደሩ ብረት፣ ፒስቶኑ ፋሻ የሌለው ብረት የሆነ ጨዋ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆርጅ አልድሪች የነደፈው ኖብለር የተባለው ዝነኛ የስታንት አውሮፕላን የበረረው በዚህ መጠን ሞተር ነው፤ የእናንተም አውሮፕላን ከእርሱ ብዙ አይርቅም። ባሕር ዳርቻ ላይ ብትሆኑ ኖሮ 35ቱን እል ነበር።

ጅማ ግን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ሞቅ ባለ ከሰዓት በኋላ አየራችን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ 7.5 ሲሲው እዚህ የሚስበው አየር፣ እታች 6 ሲሲ ሞተር ከሚስበው ጋር እኩል ነው። ማለትም 46ቱ ጅማ ላይ 35 ሆኖ ይሠራል። አጎትህ 46 ቁጥር፣ ለተራ ሥራ የተሠራ፣ ኩሽኔታ ሳይሆን ቡሽ ያለበት ሞተር ያምጣልህ። ኦኤስ 46 ኤልኤ የሚባለው ለዚህ ሥራ የተመሰገነ ነው፤ ማምረቱ ቢቆምም ያገለገለ ይሸጣል። ቀላልም ነው። የአፍንጫ ክብደት ደግሞ ለስታንት ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሲገዛ ከነማርሚታው ይሁን። ለሬዲዮ አውሮፕላን የተሠራውን ነዳጅ መስጫ ካርቡራተር አውጥተህ መርፌ ብቻ ባለው ጠባብ ጉሮሮ ትተካዋለህ። ለ46 የጉሮሮው ስፋት ከ6.5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ጉሮሮው በሰፋ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ የመሳብ አቅሙ ግን ይደክማል። እኔ በጠባቡ ጀምሬ፣ ካስፈለገ በትንሽ በትንሹ ማስፋትን እመርጣለሁ፤ የሰፋ አይጠብምና። ፕሮፔለር 12 በ4 ወይም 11 በ5 ይዘህ ጀምር። የመጀመሪያው ቁጥር የዲያሜትሩ፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው፣ በኢንች። ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ሥር ከአንድ በላይ ቀጭን ጋስኬት ካገኘህ አንዱን አውጣ፤ የሳሳ አየር ጠበቅ ያለ እመቃ ይወዳል። ካወጣህ በኋላ ፕሮፔለሩን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረህ ፒስቶኑ ምንም እንደማይነካ አረጋግጥ።

አንድ ነገር እንዳትደነግጥ። የ46ቱ ሲሊንደር በኒኬል የተለበጠ ነሐስ፣ ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው፤ አዲስ ሲሆን አናቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይይዛል። ሲሞቅ ሲሊንደሩ ሰፍቶ ይለቃል፣ የተሠራው ለዚያ ነው። ስለዚህ ማለማመጃው ከብረቱ ፎክስ ይለያል። የብረቱን በብዙ ነዳጅ፣ በቀዝቃዛው፣ አጭር አጭር እያስነሳህ ታለማምደዋለህ። ይህን ግን ቀዝቅዞ እንዲያንጠባጥብ ከተውከው ፒስቶኑን ይበላዋል። ፀሐይ ላይ አስቀምጠህ አሙቀው፣ አስነሳው፣ ለጥቂት ሰከንዶች ጥርት ብሎ እንዲዞር መርፌውን አጥብብለት፣ መልሰህ ክፈት። ይህን ለአንድ ደቂቃ ያህል ደጋግመህ አጥፋው፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና።

ከመብረርህ በፊት ሽቦውን ፈትነው። ደንቡ የአውሮፕላኑን ክብደት አሥር እጥፍ ነው፤ ለእናንተ 12 ኪሎ። መርካቶ ቡና የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሰህ እጀታውን በሚዛኑ ሳብ። በበረራ ላይ 19 ሜትር ራዲየስ ይዞ አንዱን ዙር በ5.2 ሰከንድ የሚጨርስ 1.2 ኪሎ አውሮፕላን በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ እጅህን የሚጎትተው 3.4 ኪሎ ያህል ነው። ለትርኢት ከዚህ የበለጠ ፍጥነት አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መንቲና ሰፈር የምኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ወንድሜ ያስጀመረውን አውሮፕላን እኔ ጨርሼ ማብረር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሞተሩ 46 ነው። ቀና ሆኖ ሲበር ዙሩን በ5.4 ሰከንድ፣ ተገልብጦ ሲበር በ5.0 ሰከንድ ይጨርሳል። ሲገለበጥ ይጮሃል፤ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል። መርፌውን ስከፍትለት ደግሞ ቀና ሲሆን ያንኮራፋል። ሞተሩን ልፍታው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሩን አትንኪው፣ ደህና ነው። በሰዓት ለክተሽ መጻፍሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው «ይጮሃል» ብሎ ብቻ ይልክልኛል። መልሱ እዚያው ቁጥርሽ ውስጥ አለ።

የነዳጅ ታንኩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። አውሮፕላኑ በክብ ሲዞር ነዳጁ ወደ ውጭ ጎን ይጣበቃል፤ የምድር ስበት ግን አይቀርም። ታንኩ ነዳጁ ከሚረጭበት ቱቦ ከፍ ካለ፣ ቀና ሲበር ነዳጁ ቁልቁል ይወርድለታል፣ ይበዛበታል፣ ሞተሩ ያንኮራፋል። ሲገለበጥ ያው ታንክ ዝቅ ያለ ይሆናል፤ ነዳጁ ሽቅብ መሳብ አለበት፣ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይፈጥናል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ስለዚህ ተገልብጦ የሚፈጥን ከሆነ ታንኩ ወደ ጎማው በኩል ዝቅ ይላል። ቀና ሆኖ የሚፈጥን ቢሆን ኖሮ ከፍ አድርጊው እልሽ ነበር። ሞተሩ ራሱ አንገቱን ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች አድርጎ ቢታሰር ሕጉ አይለወጥም።

ስንት ዝቅ ይበል? እኔ የምለካው ጊዜው ባለፈ የባንክ ካርድ ነው። የሁሉም ባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ 1.5 ሚሊ ይሆናሉ። ካርዱን በታንኩ ልክ እየቆረጥሽ አራት ንጣፍ አዘጋጂ። መጀመሪያ የታንኩን ማረፊያ እንጨት 3 ሚሊ ያህል ሞርጂው፤ ከዚያ በላዩ ሁለት ካርድ አንጥፈሽ ታንኩን እሰሪ። ይህም ታንኩን ካለበት 1.5 ሚሊ ዝቅ ያደርገዋል። አብርሪና አምስት ዙር ቀና፣ አምስት ዙር ተገልብጦ ለኪ። ልዩነቱ ጠቦ ካልጠፋ አንድ ካርድ አውጪ፣ ደግመሽ ለኪ። የቀናውና የተገለበጠው ዙር ልዩነት ከ0.1 ሰከንድ በታች ሲሆን ተዪው። በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትለውጪ። ታንኩን ስታስተካክዪ መርፌውን አትንኪ፣ ፕሮፔለሩንም አትቀይሪ፤ አለበለዚያ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂም።

ይህ ሳይሠራ ከቀረ ቀዳዳ ፈልጊ። ታንኩን አውጥተሽ ሁለቱን ቱቦ በጣትሽ ዘግተሽ በሦስተኛው እየነፋሽ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ከስታኞው መጋጠሚያ እንደ መርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ተከታትላ ከወጣች ችግርሽ እርሷ ናት። ከቆርቆሮ የተሠራ ታንክ መጋጠሚያው በንዝረት ይሰነጠቃል። ከታንኩ ሥር ቀጭን ስፖንጅ ማድረግም አትርሺ፤ የሚነዘር ታንክ ነዳጁን ያርገበግበዋል፣ ሞተሩም ነዳጅ ሳይሆን አረፋ ይጠጣል።

የአየር ማስገቢያው ቱቦ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ጫፉ የት እንደሚደርስ አልጻፍሽልኝም። ወደ ውጭው ጎን ሄዶ ከመሳቢያው ቱቦ ጫፍ አጠገብ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ቢያልቅ ጥሩ ነው፤ ዩኒፍሎው የሚሉት ይህን ነው። እንዲህ ሲሆን ታንኩ ሙሉም ሆነ ሊያልቅ ሲቃረብ መሳቢያው የሚያገኘው ግፊት አይለዋወጥም። የውጭው ጫፉ ወደ ነፋሱ ይዙር፤ መሙያው ቱቦ ደግሞ ሲበር በክዳን ይዘጋ። ያለዚህ ሞተሩ በመጀመሪያው ደቂቃና በአምስተኛው ደቂቃ ሁለት የተለያየ ሞተር ይሆንብሻል።

አሁን ወደ ድምፁ። የመርፌ ማስተካከያ በጆሮ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሲበዛበት በየሁለት ዙሩ አንዴ ይፈነዳል፤ «ብር-ር-ር» የሚል ወፍራም ድምፅ ነው፣ የድሮ ወፍጮ ቤት ከሩቅ ስትሰሚ እንደሚመጣው። ነዳጁ ሲመጠን በየዙሩ ይፈነዳል፤ ድምፁ ቀጥኖ «ዚ-ዚ-ዚ» ይላል። የድሮዎቹ አብራሪዎች ቀጥታ ሲበሩ ወፍራሙ ድምፅ እንዲሆን ያስተካክላሉ። አፍንጫው ሽቅብ ሲል ታንኩ ከሞተሩ በታች ይሆንና ነዳጁ ትንሽ ያንሳል፣ ጭነቱም ይበዛል፣ ሞተሩ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ተሻግሮ ይጎትታል። ሲወርድ መልሶ ወደ ወፍራሙ ይረግባል። ያለ ማንም እጅ ራሱን ያበረታል፣ ራሱን ይገታል። ይህን ሳዳምጥ ዛሬም ደስ ይለኛል። ፎክስ 35 በዚህ የተካነ ነው። ያንቺ 46 ግን 12 በ4 ፕሮፔለር ይዞ ከመጀመሪያው በቀጭኑ ድምፅ፣ ነገር ግን ትንሽ ነዳጅ በዝቶለት ቢበር ይሻለዋል፤ ፍጥነቱም አይዋዥቅም።

ከመልቀቅሽ በፊት ረዳትሽ አውሮፕላኑን አፍንጫውን ሽቅብ ይያዝልሽ። ድምፁ ትንሽ ቀጥኖ ጉልበት ከጨመረ ትክክል ነው። ከደከመ ነዳጅ አንሶታል፤ መርፌውን አንድ ሁለት ቀጭታ ክፈቺ። ደግሞም በጅማ የጠዋቱ መርፌ የቀትር መርፌ አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጉሙ ሳይነሳ አየሩ ወፍራም ነው፤ 8 ሰዓት ላይ ሲሞቅ ከ4 እስከ 5 በመቶ ይሳሳል፣ መርፌውም ትንሽ መጥበብ አለበት። እኔ በታንኩ ጎን በእርሳስ ሁለት ቁጥር ጽፌበታለሁ፣ የጠዋትና የቀትር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ ጅሬን አካባቢ እኖራለሁ። ሳጥን ስፈትሽ ድሮ ከሶቪየት የመጣ ትንሽ ሞተር አገኘሁ። 2.5 ሲሲ ይላል፣ ካንዴላ የለውም፣ አናቱ ላይ የሚሽከረከር ቡሎን አለው። ለልጅ ልጄ ይሆናል?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ያገኙት ናፍጣ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኬኤምዲ የሚባለው የሶቪየት ሞተር እንዲህ ያለ ነው። ካንዴላ የሌለው በእመቃ ብቻ ስለሚነድ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ቡሎን እመቃውን ያጠብቃል፣ ያላላል። ከነዳጅ ማደያ ናፍጣ ግን አያስነሳውም። ነዳጁ እኩል እኩል የተቀላቀለ ኤተር፣ ነጭ ጋዝና የጉሎ ዘይት ነው። የደረቀ ዘይት ይዞት ይሆናልና በፒንሳ አያስገድዱት፤ አሙቀው፣ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገው ያሳድሩት። ሲለቅ ግማሽ ኪሎ ለሚሆንና ክንፉ አንድ ሜትር ላልሞላ ትንሽ አውሮፕላን ይሆናል፤ 15 ሜትር ሽቦ ይበቃዋል።

ኤተሩን ልጁ እንዳይነካው፤ እንፋሎቱ ከሩቅ እሳት ይጎትታል። ሜዳ ሲመርጡም የመብራት ገመድ ከአጠገቡ ፈጽሞ የማያልፍበት ይሁን። ሽቦው ብረት ነው፣ ልጁ ደግሞ ጫፉን በእጁ ይዟል። በዚህ ነገር ይቅርታ የለም።

ጥያቄ፦ የሞተሩን ነዳጅ፣ ሜታኖል የሚባለውን አልኮል፣ ማግኘት አስቸገረኝ። በዳግም አረቄ ወይም በቤንዚን ይሠራል? የጉሎ ዘይት ደግሞ ሰፈራችን የሚጨመቀው ይሆናል? ከፈረንጅ አራዳ።

መልስ፦ አረቄው አይሆንም፤ ግማሹ ውሃ ነው። ቤንዚንም በዚህ ዓይነት ሞተር አይሆንም። በካንዴላው ውስጥ ያለችው የፕላቲነም ሽቦ በባትሪ የምትግለው ለማስነሳት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግላ የምትቆየው የሜታኖሉ እንፋሎት ፕላቲነሙን ሲነካ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። ሜታኖሉ ከሌለ ሽቦዋ ትበርዳለች፣ ሞተሩ ይጠፋል። እኔ የምጠቀመው ለ46 ከመቶ 68 ሜታኖል፣ 22 ዘይት፣ 10 ናይትሮሜቴን ነው። ፎክስ ያለው ሰው ዘይቱን ከ25 በታች አያውርድ። ናይትሮው ለጅማ ቀጭን አየር ይረዳል እንጂ ለጉራ አይደለም፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የሰፈር ጉሎ ዘይትን ሞክሬዋለሁ። ፍሬው ደጃችን ቢበቅልም ተቆልቶና ተፈልቶ የሚወጣው ዘይት ሙጫና ውሃ አለበት፤ ሞተሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፒስቶኑ በቡናማ ሙጫ ተለስኖ አገኘሁት። ያለ ሙቀት የተጨመቀ፣ የተጣራ የጉሎ ዘይት ነው የሚሆነው።

ስለ አረቄ ካነሳህ ግን ይህን ስማኝ። ሜታኖል አረቄ ይመስላል፣ ሽታውም ይቀራረባል፤ ትንሹ ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያ ያለፈው ይገድላል። በአረቄ ጠርሙስ ወይም በውሃ ፕላስቲክ በፍጹም አታስቀምጠው። ቀለም ጨምርበት፣ በቆርቆሮ አድርገህ ቆልፈህ ያዝ፤ ስትቀላቅል ጓንት አድርግ፣ በቆዳም ይገባልና። አንድ ሰው ቢጠጣው ደህና መስሎ ቢታይም ሳትጠብቅ ወዲያው ሆስፒታል ውሰደው፤ ምልክቱ ብዙ ሰዓት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሲነድም ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም።

ሜታኖሉን በአስተማማኝ መንገድ ማግኘት ካልቻልክ በኤሌክትሪክ ሞተር ጀምር። የዙሩን ብዛት ራሱ እኩል የሚጠብቅ መቆጣጠሪያና ሰዓት ቆጣሪ ያለው ይሁን። የታንክና የመርፌ ጣጣ የለበትም፤ የሳሳ አየርም ጉልበቱን እንደ ነዳጁ ሞተር አይቀንስበትም። በዓለም ውድድር ላይም ዛሬ ብዙዎች በእርሱ ይበርራሉ። ባትሪውን ስትሞላ ብቻ ትተኸው አትሂድ፤ ሸክላ ድስት ውስጥ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ርቆ፣ አንተ እያየኸው ይሞላ።